ዌድ ያልወሰደው ጠመንጃ

ሴፕቴምበር 3 ቀን 2024
ሃክል ሸለቆ፣ ፔንሲልቬንያ

ይድረስ ለልጅ ልጄ ለዌድ ክሪችፊልድ፤

ለጤናህ እንዴት ሰነበትክ? እኔ ከጉልበቴ፣ ከጆሮዬና ከጎረቤቴ ከቨርና ምላስ በቀር የሚያመኝ የለም፤ ጌታ ይመስገን። አንተንም ኮሪንንም በቸርነቱ ይጠብቃችሁ፤ በረዶውንም ድቡንም ከደጃችሁ ያርቅላችሁ።

ስልክ ይደውሉልኝ ብለሃል። አልደውልም። አንደኛ፣ ጆሮዬ ከስልክ ውስጥ የሚሰማው የንብ ቀፎ ብቻ ነው። ደግሞም አንተ ያለህበት የአይዳሆ ተራራ ላይ ኔትወርክ የሚገኘው በቅሎ ላይ ቆሞ ነው ብለኸኛል። ዋናው ግን ሰው በስልክ ሲዋሽ ቃሉ በኖ ይጠፋል፤ በወረቀት ሲዋሽ መነጽሬን ጠርጌ ደግሜ አነበዋለሁ።

ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። በዚህ ወር በሃያኛው ቀን ሠላሳ ዓመት ይሞላሃል። የቤታችንን ወግ ታውቀዋለህ። አባቴ በ1949 የገዛው ጠመንጃ ለእኔ የተሰጠኝ ሠላሳ ሲሞላኝ ነው፤ ነፍሱን ይማረውና ለአባትህም እንደዚያው። ሰደፉ ላይ ሦስት ስም ተቀርጿል። አራተኛውን በራስህ ቢላ ትቀርጻለህ፤ ብቻ አስቀድመህ ለካ። አባትህ ቦታ አልበቃው ብሎ ሬይመንድ መሆኑ ቀርቶ ሬይመን ሆኖ ኖሯል።

ጠመንጃ ከግዛት ወደ ግዛት ለዘመድ እንዲሁ በፖስታ አይላክም፤ በሱቅ በኩል ይሁን ይላል ሕጉ። ስለዚህ የእኛው ባለሱቅ ዴልበርት ጠቅልሎ አንተ ከተማ ወዳለው የጠመንጃ ሱቅ ልኮልሃል። መታወቂያህን ይዘህ ትሄዳለህ፣ አንድ ቅጽ ትሞላለህ፣ ሰውዬው ደውሎ ስምህን ያጣራል፣ ተሸክመህ ትወጣለህ። ጸጉር ከመቆረጥ አይረዝምም፤ አንተ ደግሞ ሁለቱም ሳያስፈልጉህ አይቀሩም።

ኮሪን እንደ ልማዷ ከደብዳቤህ ግርጌ በአረንጓዴ ቀለም አንድ መስመር ትጻፍልኝ። ያስተማረችኝን የዱባ ሾርባ ሠርቼ ቨርና ሁለት ሳህን ከጨረሰች በኋላ ጨው በዝቶበታል አለች።

አያትህ ኤልዉድ


ሴፕቴምበር 29 ቀን 2024

ውድ አባባ፤

እንደምን ሰነበቱ? እግዚአብሔር ጤናዎን ያብዛልዎ። እኔ በጣም ደህና ነኝ።

ስለ ጠመንጃው ከልቤ አመሰግናለሁ። ገና አልወሰድኩትም። የኤልክ አደን በአሥራ አምስት ተከፈተ፤ ፈረስ የሚያክለውን አጋዘን ፍለጋ አሥራ አንድ ደንበኞች መጥተው ሥራው ፋታ አልሰጠኝም። ሱቁም ከካምፑ አርባ ማይል ነው። ደግሞ ሳስበው እርስዎ ጋ ቢቀመጥ ይሻላል። እዚህ እርጥበት አለ፤ ድንኳን ውስጥ ይዝጋል። ለዴልበርት ነግረው ያስመልሱት፣ በእርስዎ ስም እንዳለ ይቆይ። ምንም የተለየ ምክንያት የለም።

ኮሪን ሰላም ብላለች። ሥራ በዝቶባት ነው።

ስለ አጋዘኖቹ ይጻፉልኝ። ዘንድሮ ብዙ ናቸው?

ልጅዎ ዌድ


ኦክቶበር 16 ቀን 2024

ይድረስ ለዌድ፤

እንደምን ከረምክ? ሰማይና ምድርን የያዘ አምላክ አንተንም ይያዝህ፤ እኔ ልይዝህ አልቻልኩምና።

ጠመንጃው ትናንት ተመልሶ መጣ። ያው ካርቶን፣ ያው የዴልበርት ገመድ፤ ቋጠሮው እንኳ አልተነካም። ከውስጡ የአይዳሆው ባለሱቅ አጭር ወረቀት አስገብቷል፤ «ሦስት ጊዜ ደወልንለት፤ እመጣለሁ አለ፤ ሠላሳ ቀን ጠብቀን መለስነው» ይላል።

አርባ ማይል ነው ብለሃል። ልጄ፣ ሚያዝያ ላይ እናንተ ቤት ዘጠኝ ቀን ስቀመጥ ከዚያ ሱቅ ካልሲ ገዝቻለሁ። ፊት ለፊቱ ፖስታ ቤቱ ነው። የአንተ ደብዳቤ ማኅተም የዚያ ፖስታ ቤት ነው። አርባውን ማይል መጥተህ፣ ፖስታህን አስገብተህ፣ መንገዱን መሻገር ከበደህ?

እርጥበትስ? እሱ ጠመንጃ ሁለት ጊዜ ወንዝ ውስጥ ወድቋል፤ አንዱን ጊዜ የጣልከው አንተ ነህ። በስድስት ዓመትህ አፈሙዙን ለመንካት ብለህ በካልሲህ በረዶ ላይ ሮጠሃል። አሁን ሠላሳ ቀን ሙሉ ደጅህ ተቀምጦ ዞር ብለህ አላየኸውም።

ምን ልጠርጥር? ሥጋ መብላት ትተህ ከሆነ ንገረኝ፤ ለቨርና አልነግርም። ዓይንህ ደክሞ ከሆነ የእኔን መነጽር እልክልሃለሁ። ሃይማኖት ቀይረህ ከሆነ ጠመንጃ የሚከለክል ሃይማኖት አይዳሆ ውስጥ መኖሩን አላውቅም ነበር። ዴልበርትን ጠየቅኩት። «ቅጹን መሙላት የማይፈልግ ሰው ቅጹ ላይ ያለ አንድ ጥያቄ ነው የሚያስፈራው» አለና ባንኮኒውን መወልወል ጀመረ። ንጹሕ ባንኮኒ ነበር።

አረንጓዴውን መስመርም አላየሁትም። ሥራ የበዛባት ሴት አንድ መስመር ለመጻፍ ምን ያህል ጊዜ ይፈጅባታል?

አጋዘኖቹ ብዙ ናቸው። ስለ እነሱ ከመጠየቅህ በፊት እኔን መልስልኝ።

አያትህ ኤልዉድ


ኦክቶበር 28 ቀን 2024

ውድ አባባ፤

ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜና ሰላም አብዝቶ ይስጥዎ።

እርስዎ ሁልጊዜ ከጭልፋ ውስጥ አጥንት ይፈልጋሉ። ምንም የለም። ደክሞኝ ነው፣ በቃ።

አንድ ትንሽ ነገር ልለምንዎ። አብሮ የተላከውን ወረቀት ፈርመው ይመልሱልኝ። የመሐላ ቃል ነው፤ ግን ለቤት ኪራዩ ጉዳይ ብቻ ነው። አከራዩ ቤቱ ውስጥ ስንት ሰው እንደሚኖር ማወቅ ይፈልጋል። ወረቀቱ የሚለው ሚያዝያ ላይ ሲመጡ ኮሪን እንግዳ እንደነበረች፣ እኔ ጋ እንደማትኖር፣ ጓደኛዬ ብቻ እንደሆነች ነው። ውልና ማስረጃ ፊት መፈረም አለበት። ከኅዳር አጋማሽ በፊት ቢደርስልኝ ደስ ይለኛል።

ጠመንጃውን ዘይት ይቀቡልኝ።

ልጅዎ ዌድ


ኖቬምበር 5 ቀን 2024

ይድረስ ለዌድ፤

ሰላም ላንተ ይሁን። እውነትን የሚወድ ጌታ ለሁለታችንም ይራራልን።

ወረቀትህን ለቨርና አሳየኋት። ታውቃታለህ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ለአውራጃው ዳኛ ጸሐፊ ሆና የሠራች ሴት ናት። በቆመችበት አነበበችው፤ ከዚያ ወንበር ስባ ተቀምጣ እንደገና አነበበችው።

«ኤልዉድ፣ የቤት ኪራይ ወረቀት ነው ያለህ ማነው?»

«የልጅ ልጄ።»

«የልጅ ልጅህ ወይ ሽማግሌ ወይ ሞኝ አድርጎሃል።»

«ሽማግሌስ ነኝ።»

«ሌላውን አሁን እንወስናለን» አለችና አስረዳችኝ።

ሰው የትዳር ጓደኛውን፣ ወይም እንደ ባልና ሚስት አብራው የምትኖረውን ሴት መትቶ ከተፈረደበት፣ ፍርዱ ቀላል ወንጀል የሚሉት ቢሆንም እንኳ፣ ጠመንጃ መያዝ ዕድሜ ልኩን ተከለከለ። ጥይትም ቢሆን። ሴትየዋ አብራው የማትኖር ፍቅረኛ ብቻ ከሆነችና የመጀመሪያ ጥፋቱ ከሆነ ግን፣ አምስት ዓመት ሌላ ሳይጨምር ከቆየ ይመለስለታል። እሱም አዲስ ነው፤ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው አለች።

«ይሄማ የከባድ ወንጀል ነው» አልኳት። «ነፍስ የገደለ፣ ባንክ የዘረፈ።»

«እዚህ ሸለቆ ያለው ወንድ ሁሉ እንደዚያ ይላል፤ ራሱ ላይ እስኪደርስ።»

«እኔ ራሴ በ1974 ያለፈቃድ አጋዘን ገድዬ ተቀጥቻለሁ። ቀላል ወንጀል ነው ተብሎ ነው። ጠመንጃዬን ማን ነካብኝ?»

«አንተ የበደልከው አጋዘን ነው» አለች። «አጋዘን ቤትህ አያድርም።»

እንግዲህ የላክህልኝ ወረቀት ዕድሜ ልክን ወደ አምስት ዓመት የሚያሳጥር ወረቀት ነው፤ በእኔ መሐላ። አከራይህ ስለ ኮሪን እንቅልፍ ቦታ መጨነቁ ቀድሞም አላማረኝም ነበር።

ዌድ፣ ከዚህ በኋላ ቀልድ የለኝም። ኮሪንን ምን አደረግሃት?

እሷ አሁን የት እንዳለች አልነገርከኝም። የእናቷ አድራሻ ከገና ካርዱ ላይ አለኝ። ዛሬ ለእሷም ጽፌአለሁ።

አያትህ ኤልዉድ


ዲሴምበር 17 ቀን 2024

ውድ አባባ፤

ስድስት ሳምንት ስላቆየሁዎ ይቅርታ። ጤናዎን፣ የአጋዘን አደኑንም እንዴት እንዳለፈ ለመጠየቅ ብዙ ጊዜ ጀምሬ ቀድጃለሁ።

ኦገስት 24 ተጣላን። ጠጥቼ ነበር። ጠጥተሃል አትነዳም ብላ የመኪናዬን ቁልፍ ያዘችብኝ። ገፋኋት። ገፋሁ ብቻ፣ አልመታኋትም፤ ከበረንዳው ደረጃ ወደቀች። ጎረቤት ደወለ። በማግስቱ እናቷ መጥታ ወሰደቻት።

ፍርድ ቤት የቀረብኩት ሴፕቴምበር 12 ነው። ዐቃቤ ሕጉ ኮሪደሩ ላይ ያዘኝና «ቀላል ወንጀል ነው። ዛሬ ጥፋተኛ ነኝ ካልክ መቀጮና የአንድ ዓመት ክትትል ነው፤ እስር የለም። ልከራከር ካልክ ግን ቀጠሮው ሴፕቴምበር 23 ነው» አለኝ። አደኑ የሚከፈተው በአሥራ አምስት ነው። አሥራ አንድ ሰው እኔን ይጠብቃል፤ አለቃዬም በአደኑ መሃል ካምፕ የለቀቀ የአዳኞች መሪ በሚቀጥለው ዓመት አይጠራም። ቀላል ነው ሲሉኝ ቀላል መሰለኝ። ጠበቃ አልፈልግም የሚለውንም ፈረምኩ። ዳኛዋ ስለ ጠመንጃ የሆነ ነገር ከወረቀት ላይ አንብባለች፤ እኔ ሰዓቴን እያየሁ ነበር። ለዘጠኝ በቅሎ ጭነት ያልጨረስኩት ዕቃ ነበረኝ።

አደኑ በተከፈተ በሁለተኛው ቀን ፍርድ ቤቱ የመደበብኝ የክትትል ሹም ካምፕ ድረስ መጣ። ደንበኞቹ ቁርስ ላይ ነበሩ። «ጠመንጃህን ለአለቃህ አስረክብ» አለኝ፣ እነሱ ፊት። አደኑ እስኪዘጋ ድንች ስልጥና በቅሎ ስጭን ቆየሁ። አንዱ ደንበኛ በየቀኑ «ዛሬስ ስንት ድንች ጣልክ?» ይለኝ ነበር። አለቃዬ አሁን ለጸደዩ አትምጣ ብሎኛል። ድብ ሲመጣ ባዶ እጁን የሚቆም መሪ ማን ይቀጥራል?

ስለ አምስት ዓመቱ የነገረኝ ካምፕ ውስጥ ሕግ አውቃለሁ የሚል ሰው ነው። ወረቀቱንም እሱ ነው የጻፈልኝ። አባባ፣ አምስት ዓመት እችላለሁ። ዕድሜ ልክ አልችልም። ከዚህ ሌላ የማውቀው ሥራ የለም። እባክዎ ይፈርሙልኝ። ኮሪን መቃወሟን እንጃ፤ ቤቱን የተከራየሁት በእኔ ስም ብቻ ነው።

ፈረሙም አልፈረሙም፣ ቤት ልምጣ? ሹሙ እርስዎ ጋ ከሆነ ጉዳዩን ወደ ፔንሲልቬንያ አዛውራለሁ ብሏል። እዚያም ሌላ ሹም መጥቶ ቤቱን ያያል።

ዌድ


ዲሴምበር 30 ቀን 2024

ይድረስ ለዌድ፤

ለከርሞ ያድርሰን። ያለፈውን የሚምር፣ የሚመጣውን የሚያውቅ ጌታ ከአንተ ጋር ይሁን።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እንዳንተ ላለው ነው። ለሁለት ሳምንት አደን ብለህ የዕድሜ ልክ አደንህን ፈርመህ ሰጠህ። በዚህ ቤት ከአንተ በቀር እንደዚህ የሚሞኝ የለም ልል ነበር፤ ግን እኔ ብሆንም ሰዓቴን አይ ነበር። አባትህም። ለመክፈቻው ቀን ስንል ቀብር የቀረን ሰዎች ነን።

ኮሪን መልሳልኛለች። ከሩቅ ሳየው የልጅ ጽሕፈት መሰለኝ፤ በግራ እጇ ነው የጻፈችው። የተሰበረው የቀኝ እጇ አንጓ ውስጥ ብረት አለ፤ የማርማላታ ጠርሙስ ክዳን ገና መክፈት አልቻለችም። ስለ አንተ ደግም ክፉም እንድትጽፍ እንዳልጠይቃት ለምናኛለች፤ ስለ ጉልበቴም ጠይቃኛለች። «ገፋሁ ብቻ» የሚለውን አራት ጊዜ አነበብኩት። በአራተኛው ላይ «ብቻ» የምትለዋን ቃል ጠላኋት።

አሁን ስለ ወረቀቱ። ሚያዝያ ላይ ፖስታ ሣጥናችሁ ላይ ሁለት ስም ነበር። በሩ ሥር ያለው የጭቃ ጫማ የእሷ ነው፤ መስኮቱ ላይ የነበረው የቲማቲም ችግኝም የእሷ። ሶፋው ላይ ዘጠኝ ሌሊት የተኛሁ እኔ ስለሆንኩ ሶፋው ላይ ማን እንዳልተኛ በደንብ አውቃለሁ። ወረቀቱን ሳልፈርም መልሼልሃለሁ። ሌላ ቦታ የሚፈርምልህ አትፈልግ። ካምፕ ያገኘኸው ሕግ አዋቂም መሐላ በሐሰት መስጠት ቀላል ወንጀል እንዳልሆነ አልነገረህም፤ ቨርና ነግራኛለች።

ቀጥሎ የምጽፈውን ለማንም ነግሬ አላውቅም።

በ1967 ክረምት፣ አባትህ ገና ሕፃን ሳለ፣ አያትህን ሎሬይንን መታሁ። አንድ ጊዜ ነው። «አንድ ጊዜ» ስል እንደ አንተ «ብቻ» ማለቴ እንደሆነ አውቃለሁ። እህቷ ሸሪፉን ጠራች። ሸሪፉ መጣ፣ ቦት ጫማውን በር ላይ አራገፈ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን የአጋዘን ቀንድ አየና «ይሄንን የት ነው የጣልከው?» አለኝ። ነገርኩት። እሱም የራሱን ነገረኝ። ሳቅን። አያትህ ከፎቅ ላይ ሆና ስንስቅ ሰማች። ሰውዬው ኮፍያውን አድርጎ «አይዞህ ኤልዉድ፣ ተረጋጋ» ብሎኝ ሄደ።

ወረቀት አልተጻፈም። ስለዚህ ሃምሳ ሰባት ዓመት ሙሉ ንጹሕ ሰው ነኝ፤ ዴልበርት ጋ ቅጹን ስሞላ የሚያስፈራኝ ጥያቄ የለም። አያትህ ግን በየዓመቱ ኅዳር ላይ ጠመንጃውን ከመስቀያው ሳወርድ ከክፍሉ ትወጣ ነበር። ዘይቱ ይሸታታል ብዬ ነበር የማስበው። ይሄን የተረዳሁት ዘንድሮ፣ በመክፈቻው ቀን ጉቶዬ ላይ ተቀምጬ ነው። ትልቅ አጋዘን በፊቴ አለፈ፤ አልተኮስኩም። ርኅራኄ አይደለም፤ አላየሁትም፤ ሌላ ነገር እያየሁ ነበር።

አዎ፣ ና።

ግን ጠመንጃ ባለበት ቤት ልትኖር አትችልም፤ ሹሙም መጥቶ ያያል። ቨርና «ቆልፈህ ቁልፉን ከኪስህ ባትለይ ሕጉ ላይከለክልህ ይችላል፤ ጠበቃ ጠይቅ» አለችኝ። «እኔ ቁልፍ የምደብቅበትን ዌድ ከአምስት ዓመቱ ጀምሮ ያውቃል» አልኳት። ቦታ ብቀይርስ? ቦታ ስቀይር እኔው እረሳዋለሁ፤ አንተ ፈልገህ ታገኝልኛለህ።

ስለዚህ ባለፈው ሐሙስ ስድስቱንም ጠመንጃዎቼን ለዴልበርት አስረከብኩ። የአባቴን ጨምሮ። «ይሄንንስ ላስቀምጥልህ?» አለኝ። ሽጠው አልኩት። ቅዳሜ ተሽጧል፤ ማን እንደገዛው አልጠየቅኩም፤ አንተም አትጠይቅ። ጥይትም ለቅሜአለሁ፤ ከኮቶች ኪስ፣ ከመኪናው ወንበር ሥር፣ ከምስማር ቆርቆሮው። አርባ ሦስት ተገኘ። አንዱ የተገኘው ለቀብር በምለብሰው ሱፍ ኪስ ውስጥ ነው፤ የማንን ቀብር ታጥቄ እንደሄድኩ እግዚአብሔር ይወቅ።

ሰማንያ አንድ ዓመቴ ነው። ከእንግዲህ አላድንም። ይህን የምጽፈው እንድታለቅስልኝ አይደለም፤ ስትመጣ «የእርስዎ የት ሄዱ?» ብለህ ሁለተኛ እንዳታስነግረኝ ነው።

አውቶቡሱ ማክሰኞና ዓርብ ይመጣል። ስትገባ ሻንጣህን እፈትሻለሁ። አትቀየም፤ ብትቀየምም እፈትሻለሁ። ቤት ውስጥ መጠጥ የለም፤ የእኔንም ለቨርና ሰጥቻታለሁ፤ እሷም ጠጥታዋለች። ለኮሪን የምትጽፈው ነገር ካለ መጀመሪያ ሹሙን መጻፍ ይፈቀድልህ እንደሆን ጠይቅ፤ ከፈቀደ እኔ ሳላየው አይወጣም። ላምንህ እፈልጋለሁ፤ ገና ግን አላምንህም። ይህን በፊትህ ከምነግርህ በወረቀት ይቀለኛል።

የሬይመንድ ክፍል ተጠርጓል። ልብስ መስቀያው ግን በነቀዝ ተበልቶ ወድቋል፤ ጣልኩት። የጠመንጃው ቁም ሣጥን ባዶውን ሳሎን ውስጥ ቆሟል። መስታወቱን ወልውያለሁ። ሸሚዞችህን እዚያ ስቀል።

አያትህ ኤልዉድ